5.7 ወይስ 8.8? የጋላክሲና የኔቡላን መጠንና ድምቀት በቴሌስኮፕ ለመገመት የቱ መሣሪያ፣ የቱ ዘዴ ይሻላል

ጥቅምት ላይ ነው። ዝናቡ አልፎ ሰማዩ ጠርቷል። የጎረቤቴ ልጅ ከስልኩ ላይ የገለበጠውን ዝርዝር ይዞ አዲስ አበባ ውስጥ ካለው ቤታችን ጣሪያ ላይ ወጣ።

«ጋሼ፣ ዛሬ ኤም 33ን እንይ። ማግኒቲዩዱ 5.7 ነው። ኤም 57 ግን 8.8 ስለሆነ ይከብደናል» አለኝ።

ኤም 33 ጋላክሲ ነው፤ ኤም 57 ደግሞ ኔቡላ፣ ማለትም የጋዝ ደመና። «ኤም» የሜሲየር ዝርዝር ምልክት ነው። የልጁ ንባብ ትክክል ነበር። ማግኒቲዩድ የሰማይ አካላት የድምቀት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ድምቀቱ ይጨምራል። ኖርማን ፖግሰን በ1856 ባቀረበው መለኪያ 5 ማግኒቲዩድ ማለት ልክ 100 እጥፍ ነው። በዚህ ስሌት ከኤም 33 የሚመጣልን ብርሃን ከኤም 57 በ17 እጥፍ ገደማ ይበልጣል።

ባለ 200 ሚሊሜትሩን ቴሌስኮፕ አዙረን ግማሽ ሰዓት ፈለግን። ቦታው ላይ መሆናችንን ከከዋክብቱ አረጋግጫለሁ። ምንም ነገር የለም። ከዚያ ወደ ምዕራብ ዞርን። ቪጋ ከተባለው ደማቅ ኮከብ አጠገብ ያለው ኤም 57 በ5 ደቂቃ ውስጥ ተገኘ። ትንሽ፣ ግራጫ፣ መሀሉ ባዶ የሆነ ቀለበት። ልጁ ከአይፒሱ፣ ማለትም ከሚያይበት ሌንስ፣ ቀና ብሎ ዝርዝሩን አየ፣ ደግሞ እኔን አየኝ። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ያን ምሽት በጥድፊያ የነገርኩትን ረጋ ብዬ ለማስረዳት ነው።

ቁጥሩ ምን ይደብቃል?

አንድ ማንኪያ ቅቤ ውሰዱ። አንዲት ጉርሻ ላይ ብትቀቡት ቢጫነቱ ይታያል። ያንኑ ማንኪያ በሙሉ እንጀራ ላይ ብትቀቡት መኖሩም አይታወቅ። የጋላክሲ ማግኒቲዩድ የቅቤውን ብዛት ብቻ ነው የሚነግራችሁ። የእንጀራውን ስፋት አይናገርም።

ስፋት በሰማይ ላይ የሚለካው በዲግሪ ነው። አንድ ዲግሪ 60 የቅስት ደቂቃ፣ አንድ የቅስት ደቂቃ ደግሞ 60 የቅስት ሰከንድ ነው። ሙሉ ጨረቃ 30 የቅስት ደቂቃ ያህል ትሰፋለች። ኤም 57 የሚሰፋው 1.4 በ1 የቅስት ደቂቃ ነው። ኤም 33 ግን 71 በ42 ነው፤ ርዝመቱ ከሁለት ጨረቃ ይበልጣል። የኤም 33 ብርሃን 17 እጥፍ ቢሆንም የተዘረጋበት ቦታ 2,000 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ እያንዳንዷ የሰማይ ቁራጭ ስትታይ ኤም 33 ከኤም 57 ከ100 እጥፍ በላይ ደካማ ነው።

ይህ የገጽ ድምቀት ይባላል። ስሌቱ በስልክ ካልኩሌተር ይሠራል። ረዥሙንና አጭሩን ስፋት በቅስት ደቂቃ አባዙ። ውጤቱን በ0.785 አባዙ። የዚያን ሎጋሪዝም (የ«log» ቁልፍ) በ2.5 አባዝታችሁ በማግኒቲዩዱ ላይ ደምሩ። ኤም 57 ወደ 8.9 ይመጣል። የሶምብሬሮ ጋላክሲ፣ ማለትም ኤም 104፣ 11.4 ገደማ ነው። የአንድሮሜዳ ጋላክሲ 13.3፣ ኤም 33 14.1፣ ኤም 101 ደግሞ 14.9 ገደማ ይሆናሉ። ኤም 101ን በማግኒቲዩዱ ብቻ ብታዩት 7.9 ነው፤ ከኤም 57 ይቀድማል። በገጽ ድምቀት ግን ከ200 እጥፍ በላይ ወደ ኋላ ይቀራል።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ይህም ቁጥር አማካይ ነው። አንድሮሜዳ መሀሏ በጣም ደማቅ ነው፣ ዳርዳሯ ደግሞ በጣም ደካማ። ከከተማ ሆናችሁ መሀሏን ታያላችሁ፤ ክንዶቿን አታዩም። ስለዚህ «አንድሮሜዳን አየሁ» የሚል ሰው የትኛውን ክፍል እንዳየ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ከመሣሪያው በፊት ሰማዩ

የገጽ ድምቀትን ከሰማዩ ጋር ስታወዳድሩ ነገሩ ሁሉ ይገለጣል። ከላይ የጠቀስኳቸው ቁጥሮች ለአንድ ካሬ የቅስት ደቂቃ ናቸው። ለካሬ የቅስት ሰከንድ ለመቀየር 8.9 ትደምራላችሁ። ኤም 57 17.8፣ ኤም 101 23.8 ይሆናሉ።

የደመቀ ከተማ ሰማይ በዚሁ መለኪያ 18 አካባቢ ነው። ጥሩ የገጠር ሰማይ ከ21.5 በላይ ይሄዳል። እንግዲህ ኤም 57 ከከተማው ሰማይ ጋር እኩል፣ እንዲያውም ትንሽ የሚበልጥ ድምቀት አለው። ኤም 101ን ግን የከተማው ሰማይ 200 እጥፍ ገደማ ይበልጠዋል። ገጠር ስትወጡ ልዩነቱ ወደ 8 እጥፍ ይወርዳል። 8 እጥፍም ቢሆን ሰማዩ ነው የሚበልጠው። ዓይን ግን ሰማዩንና ጋላክሲውን ደምሮ ስለሚያይ፣ ከዙሪያው ትንሽ ከፍ ያለ ብርሃን ይለያል።

እንጦጦ ላይ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች አሉን። እንዲህ ያለ መሣሪያ እንኳ ከአጠገቡ ከተማ እያደገ ሲሄድ የሰማዩን ፍካት መቋቋም አለበት። ካሜራና ኮምፒውተር ፍካቱን ከምስሉ ላይ መቀነስ ይችላሉ። ዓይን አይችልም። ስለዚህ «መቶ ዶላር ጨምሬ ትልቅ ቴሌስኮፕ ልግዛ ወይስ ሁለት ጊዜ ከከተማ ልውጣ?» የሚል ሰው ቢጠይቀኝ፣ ለጋላክሲ ከሆነ ያለ ማመንታት ውጣ እለዋለሁ።

ባይኖኩላር፣ ትንሽ ቴሌስኮፕ ወይስ ዶብሶኒያን?

ብዙ ሰው ቴሌስኮፕ ሰፊ ነገርን ያደምቃል ብሎ ያስባል። ኮከብን ያደምቃል። ጋላክሲንና ኔቡላን ግን በገጽ ድምቀት በኩል ባዶ ዓይን ከሚያየው በላይ አያደምቅም። የሚጨምረው መጠናቸውን ነው። ዓይን ደግሞ በጨለማ ውስጥ ትልቅ የሆነን ደካማ ነገር ከትንሹ ይልቅ በቀላሉ ይለያል። ቴሌስኮፕ የሚረዳን በዚህ ነው።

ለዚህ አንድ ቁጥር ማወቅ ይበቃል፤ ከአይፒሱ የሚወጣው የብርሃን ክብ ስፋት። የፊት ሌንሱን ወይም የመስታወቱን ስፋት ለማጉሊያው ስታካፍሉ ይገኛል። 10 ጊዜ የሚያጎላ ባለ 50 ሚሊሜትር ባይኖኩላር 5 ሚሊሜትር ይሰጣል። የወጣት ዓይን ብሌን በጨለማ እስከ 7 ሚሊሜትር ይከፈታል፤ ዕድሜ ሲገፋ ወደ 5 ይጠጋል። ሁለት መሣሪያዎች ይህ ቁጥር እኩል ከሆነላቸው ኔቡላው በሁለቱም እኩል ይደምቃል። ትልቁ መሣሪያ ብቻ አስፍቶ ያሳያል።

ባይኖኩላሩ 6.5 ዲግሪ ገደማ የሰማይ ክፍል ያሳያል። አንድሮሜዳ 3 ዲግሪ ስለምትረዝም ዙሪያዋ ጨለማ ሰማይ ተርፎ ሙሉዋን ትገባለች። ይህ ዙሪያ ወሳኝ ነው። ዓይን ደካማ ነገርን የሚያየው ከጎኑ ካለው ጥቁር ጋር እያወዳደረ ነውና። ባለ 200 ሚሊሜትሩ ቴሌስኮፓችን ዶብሶኒያን፣ ማለትም ቀላል ማቆሚያ ላይ የሚዞር ባለ መስታወት ቴሌስኮፕ ነው፤ የትኩረት ርዝመቱ 1,200 ሚሊሜትር ነው። ከ25 ሚሊሜትር አይፒስ ጋር 48 ጊዜ ያጎላል (1,200 ለ25 ሲካፈል)። የእይታ ክቡ፣ ማለትም በአይፒሱ በአንድ ጊዜ የሚታየው ሰማይ፣ 62 የቅስት ደቂቃ ገደማ ነው። ኤም 33 ደግሞ 71 ነው። ጋላክሲው በርዝመቱ ከክቡ ይተርፋል፤ በዚያ በኩል ጠርዙ አይታይም፤ የምታወዳድሩት ጥቁር ጥቂት ነው። ያን ምሽት ጣሪያ ላይ ያሸነፈን የከተማው ብርሃን ብቻ አልነበረም። ለዚህ ጋላክሲ የተሳሳተ አይፒስ ነበር የሰካሁት። 32 ሚሊሜትር ብሰካ ክቡ ወደ 1.3 ዲግሪ ይሰፋልኝ ነበር።

ከአንድ ወር በኋላ ላንጋኖ ሄድን። ልጁ ባይኖኩላሩን ወንበር መደገፊያ ላይ አስደግፎ ኤም 33ን ራሱ አገኘው። ቴሌስኮፑ ገና ከመኪናው አልወረደም ነበር።

በመሀል ያለው ባለ 80 ሚሊሜትር አጭር ሬፍራክተር፣ ማለትም ባለ ሌንስ ቴሌስኮፕ፣ ነው። የትኩረት ርዝመቱ 400 ከሆነ በ25 ሚሊሜትር አይፒስ 16 ጊዜ ያጎላል፤ 3 ዲግሪ ያሳያል፤ የሚወጣው ብርሃንም እንደ ባይኖኩላሩ 5 ሚሊሜትር ነው። ትራይፖድ ላይ ስለሚቆም እጅ አያንቀጠቅጠውም። መጠን መገመት ለሚፈልግ ሰው ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። አንድ መሣሪያ ብቻ መግዛት የሚችልና መኪና የሌለው ሰው ይህን ቢይዝ አይጸጸትም።

ኤም 57ን፣ የሄርኩለስን ክብ የከዋክብት ክምችት ኤም 13ን፣ ሶምብሬሮን ለማየት ግን ዶብሶኒያኑን የሚተካ የለም። ኤም 57 በባይኖኩላር ከኮከብ አይለይም። በ80 ሚሊሜትሩ ከፍ ባለ ማጉሊያ ትንሽ ክብ ጭጋግ ይሆናል። በዶብሶኒያኑ በ10 ሚሊሜትር አይፒስ 120 ጊዜ ሲጎላ ቀለበቱ ቁልጭ ይላል። የገጽ ድምቀቱ ከፍተኛ ስለሆነ ማጉላቱን ይችለዋል። ኤም 101ን በዚያው አይፒስ ብታዩት ይጠፋል። ማጉሊያውን እጥፍ ስታደርጉ የገጽ ድምቀቱ ወደ ሩብ ይወርዳልና።

ራሳቸው ፎቶ የሚያነሱት ስማርት ቴሌስኮፖችም አሉ። ከከተማ ሆነው ኤም 33ን ያወጡላችኋል። ለፎቶ ጥሩ ናቸው። በዓይን መገመትን ለመማር ግን አይረዱም፤ የሚያሳዩት የብዙ ደቂቃ ብርሃን ድምር ነው።

መጠኑን ለመገመት ሦስት መንገዶች

ቀላሉ የእይታ ክቡን መከፋፈል ነው። ክቡ 62 የቅስት ደቂቃ መሆኑን ካወቃችሁና ነገሩ የክቡን ሦስተኛ ከያዘ፣ 20 ገደማ ነው። ኤም 13 በካታሎግ 20 የቅስት ደቂቃ ነው። እናንተ ግን የክቡን ስድስተኛ ያህል ብቻ ልታዩ ትችላላችሁ። ያያችሁትን ጻፉ። የካታሎግ መጠን ብዙውን ጊዜ ከፎቶ የተወሰደ ነው፤ ዓይን የማይደርስበትን ደካማ ዳርቻ ያካትታል። ይህን የማያውቅ ጀማሪ ቴሌስኮፑ የተበላሸ ይመስለዋል።

የክቡን ስፋት በአምራቹ ወረቀት ከማመን ራሳችሁ ለኩት። የኦሪዮንን መቀነት ሦስት ኮከቦች ታውቃላችሁ። ቀድሞ የሚወጣው ሚንታካ በሰማይ ወገብ፣ ማለትም ከምድር ወገብ በላይ በሚያልፈው የሰማይ መስመር፣ ላይ ነው ማለት ይቻላል። ቴሌስኮፑን ሳትነኩ በክቡ መሀል አቋርጦ እንዲያልፍ አድርጉ። በአንድ የሰዓት ደቂቃ 15 የቅስት ደቂቃ ይጓዛል። ለማለፍ 4 ደቂቃ ከ8 ሰከንድ ከፈጀበት ክባችሁ 62 ነው።

ሁለተኛው መንገድ ይህንኑ ጉዞ በቀጥታ በጋላክሲው ላይ መጠቀም ነው። አይፒሱ ውስጥ ቀጭን መስቀል ክር ካለ ይመቻል፤ ከሌለ የክቡ ጠርዝ ያገለግላል። ሶምብሬሮ ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል። ርዝመቱ ልክ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ነው፤ የሚጓዘውም በዚያው አቅጣጫ ነው። በሚያዝያ መጨረሻ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ላይ እዚህ ሀገር ከፍ ብሎ ይታያል። በካታሎግ 8.7 የቅስት ደቂቃ ስለሆነ በሙሉ ቢታይ ለማለፍ 35 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። እናንተ 22 ሰከንድ ከቆጠራችሁ ያያችሁት 5.4 ነው። ከሰማይ ወገብ ርቆ ላለ ነገር ግን ውጤቱን በዲክሊኔሽኑ፣ ማለትም ከሰማይ ወገብ ባለው የዲግሪ ርቀቱ፣ ኮሳይን ማባዛት አትርሱ። ለኤም 13 ይህ 0.8 ነው።

ሦስተኛው ከጥንድ ኮከቦች ጋር ማወዳደር ነው። በጣም ትንንሽ ነገሮች ላይ ከሁለቱም የሚሻለው እሱ ነው። ኤም 57 አጠገብ፣ በዚያው በላይራ ህብረ ከዋክብት ውስጥ ኤፕሲሎን ላይሬ አለ። በባይኖኩላር ሁለት ኮከብ ሆኖ ይታያል፤ መሀላቸው 3.5 የቅስት ደቂቃ ነው። አልቢሪዮም ሩቅ አይደለም፤ የእሱ ጥንዶች ልዩነት 35 የቅስት ሰከንድ ገደማ ነው። አይፒሱን ሳትቀይሩ ከአንዱ ወደ ሌላው ሂዱ። ቀለበቱ ከአልቢሪዮ ክፍተት ከሁለት እጥፍ በላይ፣ ከኤፕሲሎን ክፍተት ደግሞ ከግማሽ በታች ሆኖ ታገኙታላችሁ።

የትኛውን ልምረጥ? ከግማሽ ዲግሪ በላይ ለሆነ የክቡን ክፍፍል፣ ከ2 የቅስት ደቂቃ በታች ለሆነ ጥንዶችን፣ በመሀል ላለው ሰዓት መያዙን እመርጣለሁ።

ድምቀቱን ለመገመት

ይህ ይከብዳል። ኮከብ ነጥብ ነው፤ ጋላክሲ ጭጋግ ነው። ነጥብን ከጭጋግ ጋር እንዴት እናወዳድራለን? መልሱን ያገኙት የጅራታም ኮከብ ተመልካቾች ናቸው። ኮከቡን ከፎከስ አውጥተው ጭጋግ ያደርጉታል። ሦስት ዘዴዎቻቸው ለክብ የከዋክብት ክምችትና ለጋላክሲም ይሠራሉ።

የሲድጊዊክ ዘዴ ይህ ነው። ነገሩን በፎከስ አይታችሁ ድምቀቱንና ስፋቱን በአእምሮ ያዙ። ከዚያ ማግኒቲዩዱን የምታውቁትን ኮከብ ያን ያህል እስኪሰፋ ከፎከስ አውጡና አወዳድሩ። ድምቀቱ ከዳር እስከ ዳር ለሚመሳሰል ለስስ ጭጋግ ምርጡ ነው። ድካሙ በማስታወስ ላይ መመሥረቱ ነው።

የቦብሮቭኒኮፍ ዘዴ ሁለቱንም አንድ ላይ ከፎከስ ያወጣል፤ ተመሳሳይ ስፋት እስኪኖራቸው። ማስታወስ አይጠይቅም፤ ሁለቱ በአንድ ክብ ውስጥ ካሉ በአንድ እይታ ያልቃል። የሚሆነው ግን ትንሽና መሀሉ ደማቅ ለሆነ ነገር ነው። ሰፊ ጭጋግ ላይ ከተጠቀማችሁ ዳርቻው ይጠፋና ድምቀቱን አሳንሳችሁ ትገምታላችሁ።

የሞሪስ ዘዴ መሀል ላይ ነው። ነገሩን የመሀሉ ድምቀት እስኪለሰልስ ድረስ ብቻ ትንሽ ከፎከስ ታወጣላችሁ፤ ያን ትይዛላችሁ፤ ከዚያ ኮከቡን እስኪመሳሰል ድረስ ታሰፋላችሁ። መሀሉ የደመቀ፣ ዳሩ የሚሳሳ ነገር ሁሉ የዚህ ነው።

ለመለማመድ ኤም 13ን እመክራለሁ። ግራና ቀኙ 7 ማግኒቲዩድ ገደማ የሆኑ ሁለት ኮከቦች አሉት። በባይኖኩላር በቦብሮቭኒኮፍ ዘዴ ሦስቱንም አደብዝዟቸው። ክምችቱ ከሁለቱም እንደሚበልጥ ታያላችሁ። የካታሎጉ ቁጥር 5.8 ነው። ከዚያ አንድ 5 ማግኒቲዩድ፣ አንድ 6 ማግኒቲዩድ የሆኑ ሌሎች ኮከቦች ፈልጋችሁ የክምችቱን ድምቀት በሁለቱ መሀል አስገቡት። ግንቦት ላይ ኦሜጋ ሴንታውሪን በደቡብ ሰማይ ሞክሩት። ከአዲስ አበባ እስከ 33 ዲግሪ ከፍ ይላል፤ አውሮፓ ያሉ ዘመዶቻችን ይህን አያገኙም። ስፋቱ 36 የቅስት ደቂቃ፣ ማግኒቲዩዱ 3.9 ስለሆነ ለሞሪስ ዘዴ ይመቻል። ዝቅ ብሎ ያለን ነገር አየሩ ስለሚያደበዝዘው፣ የምታወዳድሩበት ኮከብም በዚያው ከፍታ ያለ ይሁን።

ዓይንን ማዘጋጀት አይዘለልም። ቢያንስ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ጨለማ ውስጥ ቆዩ። ስልክ ከነኩ መቁጠር እንደገና ይጀምራል። ደካማውን ነገር ፊት ለፊት አትፍጠጡበት፤ ዓይናችሁን ትንሽ ገለል አድርጉ፤ የዓይናችን ዳር በጨለማ ከመሀሉ ይበልጣል። ለመጠን በጎን አይታችሁ ለድምቀት ፊት ለፊት ካያችሁ ሁለቱ ግምቶች አይገጣጠሙም። አንዱን መርጣችሁ በዚያው ጽኑ።

ስለ ማጣሪያ የሚጠይቁኝ አሉ። «ኦክስጅን ሦስት» (OIII) የሚባለው፣ የኔቡላ ጋዝ የሚያወጣውን ብርሃን ብቻ የሚያሳልፈው ማጣሪያ፣ ለጋላክሲ አይጠቅምም። የሂሊክስ ኔቡላን፣ ኤንጂሲ 7293ን፣ ግን ከምንም ያወጣዋል። ነገር ግን በማጣሪያ ያያችሁትን መጠን ያለ ማጣሪያ ከታየው ጋር በአንድ መስመር አትጻፉት።

የልጁ ማስታወሻ ላይ የላንጋኖዋ ሌሊት እንዲህ ተጽፋለች፦ «ኤም 33፣ ባይኖኩላር 10 በ50፣ በጎን በማየት። ስፋት አንድ ጨረቃ ተኩል ገደማ፣ ሞላላ፣ ጠርዙ አይለይም። ድምቀት በሲድጊዊክ 6 ገደማ። ጨረቃ የለችም፤ በሰሜን በኩል የከተማ ፍካት አለ።»